ሚያዝያ 27፦ ድሉ የማን ነው?

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተዋል። በመሃሉ ከተማዋ ተዘርፋለች፣ ተቃጥላለች። ሙሶሊኒ በዚያው ምሽት ከሮም ጦርነቱ አበቃ ብሎ አወጀ።

ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋ ገቡ። አጋጣሚ ነው ብሎ ለማለፍ ይከብዳል። የውርደቱን ቀን በድል መሸፈን ለቤተ መንግሥት ትልቅ ትርጉም ነበረው።

የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን የያዘው ግን ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ መጋቢት 28 ነው። በዚያ ቀን ንጉሡ ገና ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ንጉሡን ከታሪኩ ማውጣት። ያገኘው ውጤት ግን የሚያስቅ ነው፤ ፀረ ኢምፔሪያሊስት ነኝ የሚል መንግሥት የአገሩን የድል ቀን የእንግሊዝ ጦር በገባበት ዕለት ያከብር ጀመር! ኢሕአዴግ መልሶ ወደ ሚያዝያ 27 አመጣው።

በዚህ ሁሉ መሃል የተረሳው አርበኛው ነው። ሁለቱም ቀኖች የሚቆጠሩት በመዲናዋ በር ማን ገባ በሚል ነው። በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ አበበ አረጋይ በሸዋ አምስቱን ዓመት ሲዋጉ የከተማ በር አልጠበቁም። እንዲያውም በላይ ዘለቀ ንጉሡ በተመለሱ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በዚያው መንግሥት ፍርድ ተሰቅሏል። አራት ኪሎ ሐውልት ሥር በየዓመቱ አበባ የሚያስቀምጡ ባለሥልጣናት ይህን በንግግራቸው ማንሳት ለምን ይከብዳቸዋል?

ደግሞም ጦርነቱ ሚያዝያ 27 አላበቃም። አምባላጌ የወደቀው በግንቦት ነው። ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን እዚያም ከእንግሊዝ ጦር ጎን አርበኞች ተዋግተዋል። ቀኑን ማዛወር አያስፈልግም፤ ሁለት ጊዜ ተዛውሯል፣ ይበቃዋል። በሚያዝያ 27 መድረክ ላይ ግን የጎንደርም፣ የበላይም ስም ይጠራ።