ሶካ ጋካይ፦ ከመምህራን ማኅበር እስከ ጃፓን የሥልጣን ሚዛን

ኮሜይቶ የተባለው የጃፓን ፓርቲ እአአ በ2025 ኦክቶበር ወር ከሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጋር የነበረውን የ26 ዓመት ጥምረት አፈረሰ። ምክንያቱን ሲገልጽም፣ አዲሷ የገዢው ፓርቲ መሪ ሳናኤ ታካይቺ ስለ ፖለቲካ ገንዘብ ቁጥጥር የሰጡት ምላሽ በቂ አይደለም ብሏል። ይሁንና ከፓርቲው ጀርባ በ192 አገሮችና ግዛቶች ተከታዮች እንዳሉት የሚናገር ሶካ ጋካይ የተሰኘ የቡድሂዝም ማኅበር አለ። የጥምረቱ መፍረስ ያለ ማኅበሩ ታሪክ በቅጡ አይገባም።

ማኅበሩን በ1930 በቶኪዮ የመሠረቱት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጹኔሳቡሮ ማኪጉቺና የሥራ ባልደረባቸው ጆሴይ ቶዳ ናቸው። መነሻው የትምህርት ማሻሻያ ነበር፤ ስሙም «እሴት ፈጣሪ የትምህርት ማኅበር» እንደ ማለት ነው። ቀስ በቀስ ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው መነኩሴ በኒቺረን አስተምህሮ ላይ የቆመ የምእመናን እንቅስቃሴ ሆነ።

ጦርነቱ ሲፋፋም መንግሥት ሁሉም ዜጋ የኢሴን የሺንቶ ቤተ መቅደስ ክታብ በቤቱ እንዲያኖር ግፊት አደረገ። የኒቺረን ሾሹ ካህናት ትእዛዙን ሲቀበሉ ማኪጉቺ አሻፈረኝ አሉ። በ1943 ከቶዳ ጋር ታሰሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም በ73 ዓመታቸው በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። ማኅበሩ የሰላም ጠበቃ ነኝ ሲል ዘወትር የሚጠቅሰው ይህን ሞት ነው። ካህናቱና ምእመናኑ በ1991 በይፋ ሲለያዩም የጦርነቱ ዘመን ቁርሾ መነሣቱ አልቀረም።

ከእስር የተፈቱት ቶዳ ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሰውን ድሃ ሠራተኛ በብዛት አሰባሰቡ። የስብከቱ ዘዴ ኃይለኛና ተከራካሪ ስለነበር ብዙ ነቀፌታ አስከትሏል። ቶዳ በ1957 የኑክሌር መሣሪያን አውግዘው ያሰሙት ንግግር እስከ ዛሬ የማኅበሩ መመሪያ ነው። በ1960 መሪነቱን የተረከቡት ዳይሳኩ ኢኬዳ በ1964 ኮሜይቶን፣ በ1975 ደግሞ በጉዋም ደሴት ዓለም አቀፉን ድርጅት መሠረቱ። ማኅበሩን የሚተች መጽሐፍ እንዳይታተም ተሞክሯል በሚል በተነሣው ቅሌት ኢኬዳ በ1970 ይቅርታ ጠየቁ፤ ፓርቲውና ማኅበሩም በመዋቅር ተለያዩ። በምርጫ ሰሞን ግን ድምፅ የሚለምኑት አሁንም የማኅበሩ አባላት፣ በተለይም ሴቶቹ ናቸው።

ዋናው ቅራኔ እዚህ ላይ ነው። ኮሜይቶ በ2015 የጃፓን ጦር አጋር አገሮችን ለመከላከል እንዲሰማራ የሚፈቅደውን ሕግ ደግፎ ድምፅ ሰጠ። አንዳንድ አባላት የማኅበሩን ሰንደቅ ይዘው በተቃውሞ ሰልፍ ወጡ። ሥልጣን ውስጥ ሆኖ ገዢውን ፓርቲ ማለዘብ ይሻላል የሚለው መከራከሪያ ለሽማግሌዎቹ አጥጋቢ ሊሆን ይችላል፤ መሥራቹ በእስር ቤት የሞቱበት ማኅበር ወጣቶችን ግን በቀላሉ አያሳምንም። ኢኬዳ በ2023 በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ የአንድነቱ ማሰሪያም ላልቷል። ፓርቲው በ2005 ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ በ2024 ያገኘው ከ6 ሚሊዮን በታች ነው።

ታካይቺ በኢሺን ፓርቲ ድጋፍ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። በየምርጫ ክልሉ ለሩብ ምዕተ ዓመት የሶካ ጋካይን ድምፅ የለመዱት የገዢው ፓርቲ ዕጩዎች ግን ምትኩን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርባቸዋል።