የምንከፍለው ለቡናው ነው ወይስ ለወንበሩ?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን የከተማችንን ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ካፌዎች እያነጻጸረ፥ በየትኛው ቢጠጣ ለገንዘቡ የሚገባውን እንደሚያገኝ ሊያስተምረን ደክሟል። የአንዱ ማኪያቶ ወፍራም ነው፤ የሌላው ኬክ ትኩስ ነው፤ የሦስተኛው አሳላፊ ፈገግታ አይለየውም። ይህን ሁሉ ካተተ በኋላ የደረሰበት አሳብ፥ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባዶውን የቆመው ክፍል ከእነዚህ ቤቶች ለአንዱ ይከራይ፤ በግቢው በር ላይ ጀበና ጥደው የሚሸጡት ሴቶችም ለንጽሕና ሲባል ከዚያ ይነሡ የሚል ነው። የኅብረቱም ምክር ቤት ይህንኑ ለመወያያ ይዞታል። እኔ ግን ንጽጽሩ ከሥሩ የተጣመመ ነው እላለሁ። ወንድማችን ወንበርን ከወንበር ጋር አወዳደረ እንጂ ቡናን ከቡና ጋር አላወዳደረም።

እስቲ ከፍሬው እንጀምር። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ያጣል። ለአንድ ተራ ኤስፕሬሶ የሚገባው የተፈጨ ቡና 7 ወይም 8 ግራም ነው። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከ100 የማያንስ ሲኒ ይወጣል ማለት ነው። የኪሎውን ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ይህ ወረቀት ከማባዣው መኪና ሳይወጣ ያረጃል። አንባቢ ራሱ ገበያ ጠይቆ ለ100 ያካፍለው፤ ያገኘውንም ቁጥር ከካፌው ደረሰኝ ጎን ያስቀምጠው። ደረሰኝ ስልም ግርጌውን ማለቴ ነው፤ በብዙ ቤቶች በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋና 15 በመቶው ታክስ ከታከለበት በኋላ የሚከፈለው ዋጋ አንድ አይደሉም። ወንድማችን ያነጻጸረው የዝርዝሩን ብቻ ነው። ገና ከመነሻው ሒሳቡ ጎደለ።

በማኪያቶው ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የብርጭቆው ብዙው ወተት ነውና። «ደብል» ብለን ስናዝ የተደረበው ቡናው ነው ወይስ ወተቱ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ? ይህ የእኛ ጉድ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በሲያትል ከተማ የተመሠረተው ስታርባክስ በአሜሪካ ትኩስ ላቴ ሲሸጥ፥ 470 ሚሊ ሊትር ያህል በሚይዘው ኩባያ ሁለት ሾት ኤስፕሬሶ ይጨምራል፤ 590 ሚሊ ሊትር ያህል በሚይዘው በትልቁም ኩባያ የሚጨምረው ያንኑ ሁለት ሾት ነው። ገዥው ለትልቁ ኩባያ ገንዘብ ሲጨምር ወተት ተጨመረለት እንጂ ቡና አልተጨመረለትም። ላሚቱን ልናመሰግን ይገባናል፤ የቡናውን ዋጋ ግን በእርስዋ ወተት አንለካ።

ወንድማችን የስሙን ነገር ደግሞ እንደ ቀላል አልፎታል። ካልዲስ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ሲከፈት፥ ክቡና አረንጓዴው ምልክቱ የስታርባክስን እንደሚመስል የውጭ ጋዜጦች ሳይቀሩ ጽፈውለታል። ስሙ ግን ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አየ ከሚባለው እረኛ የመጣ ነው። ስሙ የካፋው እረኛ፥ መልኩ የሲያትል! በዚህ በቤቱ አልፈርድም፤ ነጋዴ ደንበኛው የሚወደውን መልክ ያቀርባል። ነውሩ መልኩን አይተን ቡናው የላቀ መሰለን የምንለው የእኛ የተማርነው ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ቶሞካ ፒያሳ በሚገኘው ቤቱ ደንበኛውን ቁሞ ያጠጣ ነበር። ሰው ገብቶ ይከፍላል፤ ከከፍተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ቁሞ ይጠጣል፤ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቤት ቡናውን ብቻ ይዞ ይቀርባል፤ መጥፎ ቢሆን የሚሸፍንለት ሶፋ የለውም። በእኔ ሚዛን ከባለ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ለገንዘብ የሚገባውን የሚሰጠው የዚህ ዓይነቱ አሠራር ነው።

ስለ ስም ከተነሣ አይቀር፥ መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስም ጋር ብዙ ከተወዛገቡ በኋላ በ2007 ስምምነት ተፈረመ። የእኛ ወገን ክርክር ግልጽ ነበር፤ ለሲኒው ከሚከፈለው ገንዘብ ለገበሬው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ስሙ የእርሱ ከሆነ የስሙም ዋጋ ይድረሰው የሚል ነው። ታዲያ በባዕድ አገር ይህን የተሟገትን ሰዎች በገዛ ከተማችን ስንቀመጥ ቡናው የየት ነው ብለን አንጠይቅም። የምንጠይቀው የቤቱን ስም ነው።

«የጀበናዋ ቡና ዝቃጭ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ለብዙ ዘመን ሕጉ ለውጭ ገበያ የሚበቃውን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሲከለክል ኖሯል፤ ይህ ሕግ ደግሞ ረከቦት ያላትን ከልክሎ ሶፋ ያለውን አልፈቀደም። እንግዲህ የካፌው ፍሬ ከበሩ ላይ ከሚፈላው ይበልጣል የሚል ሰው ማስረጃውን ያቅርብ። በበሩ ላይ ያሉት እናቶችና እኅቶች ግን ቡናውን በዐይናችን ፊት ይቆላሉ፤ ያፈላሉ፤ ትኩሱን ይቀዳሉ። ዋጋቸው የካፌውን ማኪያቶ ግማሽ እንኳ አያህልም። ሲኒ የሚያጥቡበት ውሃ ጥቂት ነው የተባለው እውነት ነው፤ አልክድም። ለዚህ መድኀኒቱ አንድ የውሃ ቧንቧ ከግቢው ወደ በሩ መሳብ ነው። ውሃ ያጣን ሰው በቆሻሻነት ከስሶ ማባረር የተማረ ሰው ሥራ ነው?

ካፌ ለምን እንደምንሄድ ደግሞ እንነጋገር። እውነቱን እንናገር ካልን ቡና ፈልገን አይደለም። መብራት፥ ሶኬት፥ ኢንተርኔት፥ ንጹሕ መጸዳጃና የሚያነሣን የሌለበት ወንበር ፈልገን ነው። በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት የሚያጠና ተማሪ የገዛው የንባብ ክፍል ነው፤ እንደ ንባብ ክፍል ከታሰበም ርካሽ ነው። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ በየሲኒው ላይ የወንበሩን ኪራይ ደርቦ ያስከፍላል፤ አይወቀስም። የሚወቀሰው ቤተ መጻሕፍታችን ነው፤ በፈተና ሰሞን ወንበሩ አይበቃም፥ በሩም ገና በጊዜ ይዘጋል። ክፍሉን ለካፌ ብናከራየው፥ የራሳችንን ወንበር በሲኒ እየተመነዘረ መልሰን ልንገዛ ነው። ቡና የሚገዛበት የሌለው ተማሪስ የት ይቀመጥ? ወንድማችን በሦስት ገጽ ንጽጽሩ ይህን ተማሪ አንዴ እንኳ አላነሣውም።

ስለዚህ ለምክር ቤቱ የማቀርበው ይህ ነው። ክፍሉ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት የሚሆን የንባብ አዳራሽ ይሁን። በረንዳው ለጀበና ቡና አፍይዎቹ በትንሽ ኪራይ ይሰጥ፤ ውሃም ይግባላቸው። ምክር ቤቱ አይሆንም ብሎ ካፌውን ከመረጠ ደግሞ፥ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የውሉን ረቂቅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍልን፤ የኪራዩን መጠን፥ ታክስ የታከለበትን የሲኒ ዋጋ፥ በአንድ ሲኒ ስንት ግራም ቡና እንደሚገባ፥ ሳይገዛ የሚቀመጥ ተማሪም ይነሣ ወይስ አይነሣ እንደ ሆነ ጭምር።