የሰደፍ ምርጫ

“ሰደፍ ለምን ይጠቅማል?” ብላችሁ አንድ የአገሬን ሰው ብትጠይቁ፣ “ሰው ይመታበታል” ቢላችሁ አይፈረድበትም። በእኛ ቋንቋ ሰደፍ ብቻውን ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። “በሰደፍ ደቁሰው”፣ “በሰደፍ ጥርሱን አራግፈው” እየተባለ ነው የሚወራው። በየዘመኑ ከአፈሙዙ የተረፈ ሰው ሰደፉን ቀምሷል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የአፈሙዝ ስም ይነሳል። ሰደፉን የሚያስታውሰው ግን የተመታው ጎድን ብቻ ነው።

ሰደፍ የተፈጠረው ለዚህ አልነበረም። ተኳሹ ትከሻው ላይ እንዲያሳርፈው፣ ጉንጩን እንዲያስጠጋበት፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖና ትንፋሹን ውጦ ሊመታ ያሰበውን ነገር አስተካክሎ እንዲያይ ነው የተሠራው። ከጠመንጃ ክፍሎች ሁሉ ሰውየውን “ቆይ፣ መጀመሪያ እይ” የሚለው ሰደፉ ነው። ይቺን ያዙልኝ፤ የዛሬው ሙግቴ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

እኔ በምኖርበት በቀራንዮ፣ ማታ ማታ በየግሮሰሪው ስለ ክላሽ ሰደፍ ክርክር እሰማለሁ። ተከራካሪዎቹ ጎረምሶች ብቻ አይደሉም። ቦርጭ ያወጡ ነጋዴዎች አሉበት፣ ዲግሪ የደራረቡ ባለሙያዎችም አሉበት። አንዱ “ኦሪጅናሉ እንጨቱ ነው” ይላል። ሌላው “ታጣፊ ያልያዘ ያዝኩ አይበል” ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው ስልኩን ያወጣና ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሳብ ጥቁር የፕላስቲክ ሰደፍ ያሳያል፤ የፈረንጅ ፊልም ላይ እንደምናየው ዓይነት። የቱ ያምራል? የቱ ይመቻል? ጥያቄው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለ መኪና ቸርኬ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። “ማንን ልትመቱበት?” የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አደራ፣ ነገሬ ከገበሬው ጋር እንዳይምታታብኝ። ፖሊስ ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ የሚርቅበት፣ ከብቱን ሌባ የሚነዳበት ሰው ጠመንጃ ቢይዝ ምክንያት አለው። የእሱ ሰደፍ ደግሞ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ከአባቱ የወረሰው እንጨት ነው፤ ሲሰነጠቅ በሽቦ ያስረዋል ወይም ቆዳ ያለብሰዋል። እኔ የምሟገተው ሰደፍ እንደ ክራባት ከሚያማርጠው ከተሜ ጋር ነው።

ታጣፊ የሚባለውን እንመልከት። ክላሽንኮቭ በሶቪየት ሠራዊት ውስጥ አገልግሎት ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከእንጨቱ ጎን ለጎን የሚታጠፍ የብረት ሰደፍ ያለውም ተሠራ። ሐሳቡ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉበት መትረየስ ሽጉጥ የመጣ ነው። የተሠራውም ከአውሮፕላን በጃንጥላ ለሚወርዱና በጠባብ የጦር ተሽከርካሪ ውስጥ ለሚቀመጡ ወታደሮች ነው። እኔ ቀራንዮ ላይ በጃንጥላ የሚወርድ ሰው አላየሁም። ወደ መርካቶ የሚወስደን ሚኒባስ ጠባብ መሆኑን አልክድም፤ ግን ለዚያ ተብሎ ክላሽ አይታጠፍም።

ታዲያ ታጣፊው እዚህ ምን ይሠራል? ሰደፉ ሲታጠፍ መሣሪያው ሩብ ያህል ያጥራል። ጋቢ ሥር ይገባል፣ ጃኬት ሥር ይገባል፣ ከመኪና ወንበር ሥርም ይገባል። በገጠር ጠመንጃ በአደባባይ ይነገታል። እገሌ ምን እንደያዘ ሰፈሩ ያውቃል፣ አማቹም ያውቃል፣ ሽማግሌውም ያውቃል። ነገር ሲበላሽ “መሣሪያህን አስቀምጥ” የሚለው አያጣም። የተደበቀን መሣሪያ ግን ማን አስቀምጥ ይለዋል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ባለበት አገር የሚደበቅ ሰደፍ ማማረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

“ሰደፍ ብቻውን ምን ያመጣል? ዕቃ ነው” የሚለኝ ይኖራል። እንግዲያው ወደ አሜሪካ ልውሰደው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ሆኖ ሙዚቃ ሊሰማ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። በአሥር ደቂቃ ገደማ ከአንድ ሺህ በላይ ጥይት አርከፈከፈ። 60 ሰው ሞተ፤ በጥይት የቆሰለው ከ400 በላይ ነበር። ጠመንጃዎቹ በሕግ አንድ በአንድ የሚተኩሱ ነበሩ። እንደ መትረየስ ያስጮሃቸው ከገበያ ተገዝቶ የተገጠመላቸው ሰደፍ ነው፤ ባምፕ ስቶክ ይሉታል። ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተንሸራተተ ምላጩን ከጣት ጋር ያጋጨዋል። መንግሥት በ2018 አገደው። በ2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በስድስት ዳኞች ድምፅ ለሦስት እገዳውን ሻረ። የተከራከሩት ምላጩ በአንድ ስበት ስንት ጊዜ ይሠራል በሚለው ላይ ነበር። የሞቱት ሰዎች ግን የተገደሉት በምላጭ ሰዋስው አልነበረም።

እንግዲህ ሰደፍ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሲታጠፍ መሣሪያን ይደብቃል፤ ሲንሸራተት አንድን ጥይት መቶ ያደርጋል። በሁለቱም ላይ የሚጠፋው አንድ ነገር ነው፤ ማነጣጠር። ሰደፉን አጥፎ ከወገቡ የሚተኩስ ሰው ማንን እንደሚመታ አያይም። ያርከፈክፋል እንጂ አያልምም።

የአባቶቻችን ትልቁ ሙገሳ “አልሞ ተኳሽ” የሚል ነበር። ብዙ ተኳሽ፣ ፈጥኖ ተኳሽ አይደለም የተባለው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ብዙዎቹ የያዙት ውጅግራ አንድ ጊዜ ጎርሶ አንድ ጊዜ የሚተኩስ፣ ፈረንሳዮች ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታጥቀውት በኋላ በሌላ የለወጡት ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ውድ ነበርና ከመተኮስ በፊት ማየት ግድ ነበር። ዛሬ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ሲንጣጣ የሚውለው ጥይት ግን የማንን ጣራ በስቶ የማንን ልጅ እንደሚያገኝ ተኳሹ አያውቅም። ባያውቅም ደስ ይለዋል፤ እልልታም ይደርሰዋል።

ቀራንዮን ያነሳሁት ስለምኖርበት ብቻ አይደለም። እዚሁ አጠገባችን ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር፣ በ1954 ዓ.ም. አንድ የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ መሣሪያ ሊማር መጥቶ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ በስምንት ሳምንት ተቋረጠ፤ ትግሉ ጠራው። ሲሄድ ሽጉጥ ተሰጠው። ሽጉጡን አገሩ ወስዶ ሊሊስሊፍ በሚባል እርሻ ቀበረው። በኋላ ብዙ ተፈልጎ ሳይገኝ ቀረ። ማንዴላ ኮልፌ ላይ ኢላማ መምታት ተማረ፤ እኛ ግን የምናከብረው ኢላማውን ስላወቀ ነው። ያነጣጠረው የነጭ ዘር ላይ አልነበረም፤ አፓርታይድ የሚባል ሥርዓት ላይ ነበር። የሽጉጡ እጀታ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላት ነገር ነበረች። አለመ፣ ኢላማ፣ ዓላማ አንድ ቤት ያደጉ ቃላት ናቸው፤ ዓላማ የሌለው ሰው ኢላማ የለውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ይህ አገር ያየውን ጦርነት አስቡት። በየመንደሩ ስንት ሰው ማን እንደተኮሰበት ሳያውቅ፣ ተኳሹም ማንን እንደመታ ሳያውቅ ሄደ? ፕሪቶሪያ ላይ በ2015 ዓ.ም. ስምምነት ተፈርሞ የሰሜኑ ጦርነት ቆመ ሲባል፣ ዓመት ሳይሞላ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ተነሳ። ይህ ሁሉ ሰው ባለቀበት አገር ግሮሰሪ ተቀምጦ “እንጨት ይሻላል ታጣፊ” ማለት፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሬሳ ሣጥን ቀለም እንደ ማማረጥ ነው።

ሕግ አስከባሪውንም ሳልነካው አላልፍም። የእሱ ሰደፍ ከእንጨትም ይሁን ከፕላስቲክ የተሠራው ለትከሻው ነው፤ የዜጋ ጎድን የሰደፍ ማሳረፊያ አይደለም። ሕዝቡ ሰደፍን የሚያውቀው በዱላነቱ እስከሆነ ድረስ፣ ወጣቱ የራሱን ሰደፍ ቢመኝ ምን ይገርማል? የተመታ ልጅ መቺ መሆን ያምረዋል።

ለሰደፍ አማራጮች የምላችሁ ይህን ነው። ሰደፍ ከመምረጣችሁ በፊት በሰደፉ ላይ ሆናችሁ የምታዩትን ሰው ምረጡ። ስሙን ጥሩ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተናገሩ፣ ምን እንደበደላችሁ አስረዱ። ይህን መናገር ካቃታችሁ የጎደላችሁ ሰደፍ አይደለም።