ዶሮና ሕፃን በአንድ ቤት

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ቤት ያከራዩን አንዲት ባልቴት ካናሪ የምትባል ቢጫ ወፍ በሽቦ በተሠራ ጎጆ ያኖሩ ነበር። በየማለዳው ውኃዋን ይለውጣሉ፤ የጎጆውን ወለል የሚሸፍነውን ወረቀት ከነኩሱ ጠቅልለው ያወጣሉ፤ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡም ቁርስ አይነኩም። ይህ ሁሉ ትጋት ከዜማዋ በቀር ሌላ ለማትሰጥ ወፍ ነበር።

እኛ ግን ዶሮን ያህል ባለውለታ ይዘን፥ ጧት ከማስወጣትና ማታ ቆጥ ላይ ከማስፈር በቀር የዕለት እንክብካቤ አናውቅላትም። ቆጡም ብዙ ጊዜ ከማድ ቤቱ ወይም ከመኝታው ክፍል ውስጥ ነው። ከበታቹ ሕፃን ይድሃል፤ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ያደርሳል። በዶሮ ኩስ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉ፥ ተቅማጥ የሚያመጡ ረቂቃን ተሕዋስያን ይገኛሉ። ዶሮዋ ምንም የታመመች ሳትመስል ትሸከማቸዋለች።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን ከሁለት ወገን አሳይቶናል። ዶሮ ያላቸው ሰዎች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፥ ዶሮ ከሰው ጋር በምታድርበት ቤት ያሉት ግን አጠር ብለው ተገኙ። ስለዚህ ዶሮ አታርቡ አንልም፤ በእንቁላሏ የተገኘው ጥቅም በኩሷ እንዳይጠፋ እንጂ።

«ሌባውና ሽለምጥማጡስ?» የሚሉን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እንግዲያስ ቤቷ በውጭ በኩል ከግድግዳው ተጠግቶ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ይሠራ፤ መዝጊያውም ጠንካራ መቀርቀሪያ ይኑረው። ወለሉ አመድ ተነስንሶበት በየጧቱ ይጠረግ። ውኃዋም በየቀኑ በታጠበ ገል ይቅረብላት፤ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን እስከ 250 ሚሊ ሊትር፥ ይኸውም ሦስት የቡና ስኒ ያህል ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም በላይ ያሻታል። የእህል ግርድና የእንጀራ ፍርፋሪ መልካም ምግብ ነው፤ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ቢጨመርበት ደግሞ የምትጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ይጠነክራል። የሻገተ እህል ግን ለእርሷም አይገባም።

በብዙ ቤት እህሉን የሚበትኑት፥ ኩሱንም የሚጠርጉት ልጆች ናቸውና፥ መምህራን ሆይ፥ ከዚህ ሥራ በኋላ በሳሙና መታጠብን እንድታስተምሩልን እንለምናለን። ጫጩት ታቅፎ መተኛት የሚወድ ልጅም አለ። ፍቅሩን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሲመሽ ጫጩቷ ወደ እናቷ፥ እርሱም እጁን ታጥቦ ወደ መኝታው ይሂድ።