የጉልበት መቶኛ
ሰሞኑን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ አንድ የቀድሞ ወታደር ሚኒባስ ሲሳፈሩ ልብ ብዬ አየሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው መጀመሪያ የበሩ ወለል ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ አልታጠፍ ያለውን እግር ሱሪውን ጨብጠው በእጃቸው አስገቡት። ረዳቱ «ፋዘር፣ ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል። ለሐኪሞች ቦርድ የሚቀርበው ጉልበት ግን አልጋ ላይ የተዘረጋው ነው፤ ተለክቶ መቶኛ ይወጣለታል። ወታደሩንም ያቅፍ በነበረው የ2003ቱ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ከ10 በመቶ በታች የሆነ የሥራ ጉዳት አበል አልነበረውም። የተጎዳ ልም አጥንት ደግሞ የሚብሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በወጣትነት «ቀላል» የተባለው ጉልበት በስተርጅና ሽንት ቤት እንኳ አያስቀምጥም። አሜሪካ ውስጥ ለቀድሞ ወታደር መታጠፉ 45 ዲግሪ ላይ የቆመ ጉልበት 10 በመቶ፣ 15 ዲግሪ ላይ የቆመ 30 በመቶ ያሰጣል፤ የባሰበት ፋይሉን አስከፍቶ ይጨመርልኝ ማለት ይችላል። እኛ ዘንድ «እንደገና ይታይልኝ» ያለውን «ብር ፈልጎ ነው» ብለን እናማዋለን። ቢፈልግስ? እኔ የቦርዱ ሐኪም ብሆን መለኪያውን አስቀምጬ ጉዳተኛውን ደረጃ አስወጣው ነበር፤ ደረጃ የሌለው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አላየሁም።