የምግብ ወጪና የችርቻሮ ገበያው አዝማሚያ፦ በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ለምን ያስወድዳል?

በኢትዮጵያ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ስሌት ውስጥ የምግብ ድርሻ ከግማሽ በላይ ነው። የጤፍ፣ የዘይት ወይም የሽንኩርት ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርትና ለሕክምና የሚተርፈው ገንዘብ ወዲያውኑ ይቀንሳል። በመሆኑም አንድ ቤተሰብ አስቤዛውን ከየትና እንዴት እንደሚሸምት ማወቁ በኑሮው ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣል።

የገበያ አማራጮች መስፋት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞች የመሸመቻ አማራጮች በርክተዋል። ከሰፈር ሱቅና ከጉሊት በተጨማሪ ሱፐርማርኬቶች፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መደብሮችና የእሑድ ገበያዎች አገልግሎት ይሰጣሉ። በአዲስ አበባ በለሚ ኩራና በኮልፌ ሰፋፊ የግብርና ምርቶች መሸጫ ማዕከላት ተገንብተዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች በመመሪያ ክፍት ሆኗል።

በእነዚህ አማራጮች መካከል ለሚታየው የዋጋ ልዩነት ዋነኛው ምክንያት የግብይት ሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ምርት ከአርሶ አደሩ ተነሥቶ በሰብሳቢ፣ በደላላ፣ በጅምላ ሻጭና በቸርቻሪ እጅ ሲያልፍ በየደረጃው የማጓጓዣ ወጪና ትርፍ ይጨመርበታል። የእሑድ ገበያ አምራቹንና ሸማቹን በማቀራረብ ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር የታለመ ነው።

የአነስተኛ ግዢ ጫና

ይሁን እንጂ የገበያው መስፋት ሁሉንም ቤተሰብ እኩል አይጠቅምም። የዕለት ገቢ ያለው ሰው ዘይትም ሆነ በርበሬ የሚገዛው በዕለቱ በእጁ ባለው ብር ልክ ነው። ለምሳሌ ያህል ሩብ ሊትር ዘይት 90 ብር፣ አምስት ሊትሩ ደግሞ 1,500 ብር ቢሸጥ፣ በሩብ ሊትር እየገዛ አምስት ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ 1,800 ብር ያወጣል። ገቢው አነስተኛ የሆነው ሸማች ለአንድ ሊትር የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ጫና ለማቃለል ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ጤፍ በኩንታል ወይም ዘይት በጀሪካን ገዝተው መከፋፈላቸው አንድ መፍትሔ ነው። የወቅቱን ሁኔታ መከታተልም ይጠቅማል። የጤፍ አቅርቦት ከመኸር ምርት መሰብሰብ በኋላ ይጨምራል፤ በክረምት ይሳሳል። የቅቤ፣ የእንቁላልና የዶሮ ፍላጎት ደግሞ በበዓላት ዋዜማ ስለሚያይል፣ ሳይበላሹ የሚቆዩትን አስቀድሞ መግዛት ተገቢ ነው። በጉሊት በመደብ የሚሸጠውን በኪሎ ከሚሸጠው ጋር ማነጻጸርም ትክክለኛውን ዋጋ ለመለየት ያስችላል።

የሸማቹ መብት

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች የዕቃዎችን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፉና ለገዢ ደረሰኝ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ያለ አግባብ ምርት መደበቅንም ይከለክላል። ሸማቹ ደረሰኙን ሊጠብቅ ይገባል፤ ቅሬታ በሚያቀርብበት ጊዜ የግዢውን ቀን፣ መጠንና ዋጋ የሚያስረዳለት ማስረጃ ይኸው ነውና።

የተለጠፈ ዋጋ የሌለው መደብር፣ የጎደለ ሚዛን ወይም የደረሰኝ ክልከላ ያጋጠመው ሸማች በአቅራቢያው ለሚገኘው የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።