ስሙ ይቀየር፣ መዝገቡ ግን ይቆይ

“ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” ይላል ያገራችን ሰው። ነጋዴም ይህን አባባል በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ዱቤ የሚሰጠው ለስም ነው፤ ዕቃ ሳይፈትሽ የሚረከበውም ስም አምኖ ነው። በአንጻሩ ደንበኛ ያጭበረበረ ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ታፔላውን አውርዶ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ በሌላ ስም የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጉዳይ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚለየው ገበያው ልጆች የሚውሉበት መሆኑ ነው።

ጉዳዩ በኦንላይን ጌም ሰርቨሮች ላይ የሚደረግ የተጫዋቾች ስም ለውጥ ነው። “የልጆች ጨዋታ ከገበያ ገጽ ምን አገናኘው?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ማይክሮሶፍት ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራውን የስዊድን ኩባንያ ሞያንግን እ.ኤ.አ. በ2014 ለመግዛት የተስማማው በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2023 ደግሞ ጨዋታው ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተገልጿል። በዚህ ግዙፍ ገበያ ሥር ወላጆች፣ መምህራንና በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሯቸው “የቤተሰብ” ሰርቨሮች አሉ። ለምሳሌ ካናዳዊው ስቱዋርት ደንከን በ2013 ያቋቋመው ኦትክራፍት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ሲሆን፣ መግባት የሚችለው አስቀድሞ የተፈቀደለት ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ለወላጅ የሚያቀርቡት ዋና ሸቀጥ እምነት ነው። ወላጁ ልጁን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጦ ወደ ሥራው የሚመለሰው “በዚያ ያሉት ሰዎች ይታወቃሉ” ብሎ ነው። ታዲያ የሚታወቀው ሰው ዛሬ በአንድ ስም፣ ነገ በሌላ ስም ሲመጣ ምን ይደረግ? አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ስም የቀየረን ሁሉ እንደ አዲስ ሰው ይቆጥሩታል ወይም ያባርሩታል። ሌሎች ደግሞ “የራሱ ጉዳይ ነው” ብለው ይተዉታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ስተዋል።

አሠራሩ እንዴት ነው?

በማይንክራፍት እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ የተመዘገበ ስም አይቀየርም ነበር። ሰርቨሮችም የታገዱትን፣ የተፈቀደላቸውንና የአስተዳዳሪዎችን ዝርዝር የሚይዙት በስም ነበር። በ2014 ሞያንግ ለእያንዳንዱ አካውንት የማይለወጥ መለያ ቁጥር መሠረት ያደረገ አሠራር አስገባ፤ ዩዩአይዲ ይባላል። ከዚያም በፌብሩዋሪ 2015 ስም መቀየር ተፈቀደ። አንድ ሰው ስሙን ከቀየረ ሌላ ለውጥ ለማድረግ 30 ቀናት መጠበቅ አለበት። የቀድሞ ስሙ ለ37 ቀናት ይጠበቅለታል፤ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚመለስበት የሰባት ቀን ዕድል አለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስሙ ባለቤት አልባ ነው፤ የቀደመ ይወስደዋል።

አደጋው ያለው በዚህች ቀዳዳ ነው። አንድ ሰርቨር የልጁን ቤት፣ ሳጥን ወይም በጨዋታው ውስጥ ያጠራቀመውን ገንዘብ በስም መዝግቦ ይዞ ከሆነ፣ ልጁ ስሙን በቀየረ ማግሥት ከገዛ ቤቱ ይወጣል። ከ37 ቀናት በኋላ ደግሞ ያንን ስም የወሰደ የማይታወቅ ሰው መጥቶ ቁልፉን ይረከባል። ከሁሉ የሚከፋው የልጁን ጓደኞችም መረከቡ ነው። ትናንት አብረዋቸው ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች “ተመለሰ” ብለው ይቀበሉታል። የልጁ መልካም ስም በነፃ ተላለፈለት ማለት ነው።

የነፃ ስም ዋጋ

የኢኮኖሚክስ ምሁራን ይህን ጉዳይ አስቀድመው አይተውታል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና በኋላ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱ በሆነው ጽሑፉ፣ ገዢው ጥሩውን ዕቃ ከመጥፎው መለየት በማይችልበት ገበያ ጥሩው ዕቃ ከገበያ እንደሚወጣ አሳይቷል። ኤሪክ ፍሪድማንና ፖል ሬዝኒክ ደግሞ በ2001 ባወጡት ጥናት በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ስሞች ሄዱ። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ስም መለወጥ ምንም ወጪ ከሌለው ያጠፋ ሰው ስሙን ጥሎ እንደ አዲስ ሰው ይመጣል። ስለዚህ ነባሮቹ አዲስ ሰው ሁሉ ላይ ይጠራጠራሉ። ወጪውን የሚሸከመው አጥፊው ብቻ አይሆንም፤ በንጹሕ ልቡና የመጣውም አዲስ ሰው ጭምር ነው።

ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ለማስረዳት ጥናት አያስፈልገውም። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ የሚጠራው ለምንድን ነው? ቀሪውን ሳይከፍል በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ስም ሌላ ዕቁብ ውስጥ እንዳይገባ ነው። በቤተሰብ ሰርቨር ላይ ደግሞ አዲስ ገቢው ብዙውን ጊዜ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ነባሮቹ የሚጠራጠሩት፣ የሚያገሉት እርሱን ነው። አጥፊው በነፃ የለወጠውን ስም ዋጋ ልጁ ይከፍላል።

ታዲያ ይከልከል?

አይደለም። ልጆች ስም ሲያወጡ ምን እንደሚጽፉ እንመልከት። የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው፣ የተወለዱበትን ዓመት፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤታቸውን ስም ይጽፋሉ። ወላጁ ይህን በኋላ አይቶ ሲደነግጥ ስሙን መቀየር ጤናማ እርምጃ ነው። በአሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ለመጠበቅ በ1998 የወጣው ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ በ2013 ሲሻሻል፣ ለመገናኛነት የሚያገለግል የተጠቃሚ ስም ከግል መረጃ እንዲቆጠር ተደርጓል። ስም ተራ ጌጥ አለመሆኑን ሕግም አውቆታል ማለት ነው። ሌላ ሰርቨር ላይ ሲሰደብና ሲሳደድ የኖረ ልጅም ስሙን ቀይሮ እፎይ የማለት መብት አለው። ለውጥን መከልከል እነዚህን ልጆች ከአሳዳጆቻቸው ጋር አስሮ ማስቀመጥ ነው።

አንዳንድ ኩባንያዎች በመካከል የመረጡት መንገድ ማስከፈል ነው። ሶኒ በ2019 በፕሌይስቴሽን ላይ የስም ለውጥ ሲፈቅድ የመጀመሪያውን በነፃ፣ ቀጣዮቹን በ9.99 ዶላር አደረገ። ሮብሎክስ ለተጠቃሚ ስም ለውጥ 1,000 ሮበክስ ያስከፍላል። ዋጋ ፍላጎትን እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ነገር ግን የማንን ፍላጎት ነው የሚቀንሰው? ክፉ ሐሳብ ላለው አዋቂ 10 ዶላር ምንም አይደለም። የራሱ ገንዘብ የሌለውን ልጅ ግን በአደገኛ ስሙ ላይ ያቆየዋል። ስለዚህ በቤተሰብ ሰርቨር ክፍያው በገንዘብ ሳይሆን በጊዜ ቢሆን ይሻላል። ሠላሳ ቀን ለሀብታምም ለድኃም እኩል ሠላሳ ቀን ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መዝገብ ሁሉ በቁጥር ይያዝ። እገዳው፣ ፈቃዱ፣ ቤቱ፣ ሳጥኑ፣ ገንዘቡ ከዩዩአይዲው ጋር ይታሰር። ስም ታፔላ ነው፤ ቁጥሩ የንግድ ምዝገባው ነው። ታፔላው ሲወርድ ዕዳውም ሀብቱም ከባለቤቱ ጋር ይቆያል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአካውንት ማረጋገጫን ዘግተው የሚሠሩ ሰርቨሮች ቁጥሩን የሚያወጡት ከስሙ ከራሱ ነው፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ሰውዬው ሌላ ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰርቨር “የቤተሰብ ነኝ” ቢል ወላጅ ሁለት ጊዜ ሊያስብበት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ የራሱን የስም ታሪክ ይያዝ። ቀደም ሲል የማንኛውንም ተጫዋች የድሮ ስሞች ከሞያንግ መጠየቅ ይቻል ነበር። ኩባንያው የተጫዋቾችን ደኅንነት ምክንያት አድርጎ ይህን አገልግሎት በሴፕቴምበር 2022 ዘጋው። ትክክል አድርጓል፤ የሸሸ ልጅን ዱካ ለአሳዳጁ የሚያሳይ መስኮት ነበርና። ነገር ግን የቁጥጥሩ ኃላፊነት ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ አስተዳዳሪ ትከሻ ላይ ወድቋል። መዝገቡን ተቆጣጣሪዎች ብቻ ይዩት፤ አደባባይ ላይ አይሰጣ።

ሦስተኛ፣ ለውጡ ለጓደኞች ይነገር። አንድ ወር ያህል “የቀድሞው እገሌ” የሚል ምልክት ከአዲሱ ስም ጎን ቢታይ ግራ መጋባት ይቀራል። ለደኅንነት ሲባል የተቀየረ ስም ግን ከዚህ ነፃ ይሁን፤ ምልክቱ የሸሸበትን ስም መልሶ ያጋልጠዋልና። እንዲህ ሲሆን ለማን እንደሚነገር ወላጁና ተቆጣጣሪው ይወስኑ።

አራተኛ፣ የድሮ ስም ለመጣ ሁሉ አይከፈት። ቀድሞ በሰርቨሩ የሚታወቅ ስም በሌላ ቁጥር ሲመጣ በር ላይ ይቁም፤ ማንነቱ ይጣራ፤ ልጆቹም “ይህ ያ የምታውቁት ልጅ አይደለም” ተብለው ይነገራቸው። ያ 37 ቀን የሚባለው ጊዜ ለኩባንያው በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለልጅ ትዝታ ግን አጭር ነው።

አምስተኛ፣ ስም በየመግቢያው ይመርመር። በጥር ጨዋ የነበረ ስም በመጋቢት ስድብ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያደርጉት ስሕተት አለ። ልጁን “ስምህን ካልቀየርህ አትገባም” ይሉታል። ልጁ ስሙን የቀየረው ትናንት ከሆነ ደግሞ ቢፈልግም 30 ቀን መቀየር አይችልም። በቀልድ የጻፈው አንድ ቃል የአንድ ወር ግዞት ይሆንበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ጊዜያዊ ቅጽል ስም ይስጠውና ቀኑ እስኪደርስ በዚያ ይጫወት።

“ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል? እኛ በትርፍ ጊዜያችን የምንሠራ በጎ ፈቃደኞች ነን” የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ አብዛኛው አንድ ጊዜ ተደራጅቶ የሚቀመጥ እንጂ በየዕለቱ ሰው የሚያስቆም ሥራ አይደለም። ቁጥሩን ሰርቨሩ ራሱ ይይዘዋል፤ የስም ታሪኩም ከቁጥሩ ጎን የሚጨመር አንድ መስመር ነው። የሰው ጊዜ የሚጠይቀው በር ላይ የቆመውን ማጣራት ነው። እርሱም ቢሆን አንድ ልጅ በሐሰተኛ ጓደኛ ከተታለለ በኋላ ከሚመጣው የወላጅ አቤቱታ፣ ሐዘንና መበተን ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። የወላጆችን አመኔታ ያጣ የቤተሰብ ሰርቨር የሚሸጠው ሌላ ዕቃ የለውም።

ወላጅ የሆናችሁ አንባቢያንም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ የሚጫወትበትን ሰርቨር አስተዳዳሪ ሁለት ነገር ጠይቁ። “የምትመዘግቡት በስም ነው ወይስ በቁጥር? የልጄ የድሮ ስም በሌላ ሰው ቢያዝ ምን ታደርጋላችሁ?” በሉ። መልስ ያለው አስተዳዳሪ ሱቁን ያውቃል። ግራ ከተጋባባችሁ ግን ሒሳባችሁን ሳታወራርዱ አትቆዩ።